እዚያ ላይ ያስቀምጡልኝ

በ1963 ዓ.ም. ክረምት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የተወለድሁት ብቸና ነው፤ ያን ክረምት ግን ሞጣ ከረምሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እሱን አልጽፍም። ጽሕፈትም አልችልበትም፤ ዳዊት ሳልጨርስ የቀረሁ ሰው ነኝ። የምጽፈው ያን አንዱን ክረምት ብቻ ነው።

ያስጀመረኝ ሽታ ነው። የልጄ ልጅ ስልኩ ላይ እያየ ድምፅ ማጉያ እሠራለሁ ብሎ ጓዳውን በሽቦ ሞልቶታል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። የቀለጠ ሙጫ፣ የጋለ እርሳስ፣ የሚቃጠል አቧራ። እግሬ አልገባ አለኝ። ልጁ ሽቦው ግድግዳው ላይ እንደ ተሰካ፣ በሁለት እጁ ውስጡን ይፈተፍታል።

«ንቀለው» አልሁት።

«አባባ፣ ማጥፊያውን እኮ አጥፍቼዋለሁ።»

«ንቀለው አልሁህ።»

ነቀለው። ነቅሎም ዕቃውን በሁለት እጁ አንስቶ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ብሎ፣ «እንኩ፣ እስቲ ይዩት» አለኝ። ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ «እዚያ ላይ አስቀምጠው» አልሁት። አስቀመጠው፤ ፊቱ ግን ጠቆረ።

«ለምንድን ነው ከሰው እጅ የማይቀበሉት? ብቸና ሙሉ ኩራተኛ ናቸው ይልዎታል።»

«ይበል» አልሁት።

ልጁ ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ። መልሱ ይኸው።

እናቴ ወደ ሞጣ የላከችኝ አባቷ ዘንድ ዳዊት እንድደግም ነው። ዝናቡ ሳይበረታ፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ ከነጋዴ በቅሎዎች ኋላ እየተከተልሁ በደብረ ወርቅ በኩል ሄድሁ። አያቴ መሪጌታ አላምረው ይባሉ ነበር። እኛ አብዬ ነው የምንላቸው። ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ አንዴ የተናገሩትን የማይመልሱ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች። ቤቱን የያዘችው አክስቴ እትዬ ፈንታዬ ናት። ከመንገዱ ጋር በምትገናኘው ክፍል ደግሞ አጎቴ፣ አያ ይልቃል፣ ሬዲዮ ይሠራል።

አያ ይልቃል የአብዬ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ከቅኔ ቤት ጠፍቶ ወታደር ቤት ገባ። አሥመራ ሬዲዮ ክፍል አገልግሎ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴና አንድ መበየጃ በከረጢት ይዞ ተመለሰ። አብዬ ለመሪጌትነት ያሰቡት ልጅ ነበር። ሲመጣ ባርከው ተቀበሉት፤ ከረጢቱን ግን ከፍተው አላዩም።

ያን ጊዜ ሞጣ መብራት የሚያገኘው ከከተማው ዳር ከቆመ አንድ ሞተር ነበር። ቀን ይተኛል። አመሻሽ ላይ ጥሩነህ የሚባል ሰው መዘውሩን እያዞረ ያስነሳዋል። ሞተሩ ያስላል፣ ያነጥሳል፣ ከዚያ ዱግ ዱግ እያለ ጭሱን ይተፋል፤ ወዲያው አምፑሎቹ ቀላ ይሉና ይነጣሉ። እኔ ጭሱ በሽቦው ውስጥ ሄዶ ሰው ቤት ሲደርስ ብርሃን የሚሆን ይመስለኝ ነበር። አያ ይልቃልን የሽቦውን ቀዳዳ አሳየኝ አልሁት። አልሳቀም። ቁራጭ ሽቦ ቆርጦ ሰጠኝና «ንፋበት» አለኝ። ዓይኔ እስኪፈጥ ነፋሁ።

«ወጣልህ?»

«አልወጣም።»

«እንግዲያ ቀዳዳ የለውም ማለት ነው» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

ሌላው ያልገባኝ ግራ እጁ ነው። አመሻሽ ላይ ሞተሩ ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ይገባል፤ እስኪጨርስ አይወጣም። በቀኝ እጁ ብቻ ይፈታል፣ ይነካል፣ ያዞራል። እትዬ ፈንታዬ አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ «አባቱን ጥሎ የሄደ ልጅ እጁ አይሰምርለትም» ስትል ሰምቻለሁ። እኔም ያ እጅ የተረገመ፣ የደረቀ፣ ምናልባትም ጣት የሌለው አድርጌ አሰብሁት። ሌሊት አብሬው ስተኛ ያ እጅ እንዳይነካኝ ወደ ግድግዳው እጠጋለሁ።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ አላስችል አለኝና ጋቢውን ቀስ ብዬ ገለጥሁት። እጁ አምስት ጣት አለው። ዳሰስሁት፤ ይሞቃል።

«ቆጠርኸው?» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አዎ።»

«ሞላ?»

«ሞላ።»

«በል እንግዲያ ልተኛበት።»

የዚያኑ ዕለት ነገረኝ። ጣቱን መዳፌ ላይ አሳረፈ፣ በክንዴ ወጣ፣ ደረቴን አቋርጦ በሌላው ክንዴ ወረደ። «ኮረንቲ በአንዱ እጅህ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ ይኼ ነው» አለኝ፤ ጣቱን ልቤ ላይ መለሰው። «ይኼን ሲያገኝ ያቆመዋል። መውጫ ካላገኘ ግን አይገባም። ስለዚህ አንዱን እጅህን ኪስህ ትዘጋበታለህ። እግርህን ደረቅ ሳንቃ ላይ ታደርጋለህ። በእግርህም ወደ መሬት መውጫ ይፈልጋልና።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይነግረኝ ጀመር። ከነቀልህ በኋላም አትመን፤ ያደረ ኮረንቲ አለው፤ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከተነቀለ የቆየ ሬዲዮ ውስጥ ኮንደንሰር የሚሉትን ጣሳ የመሰለ ነገር፣ እጀታው እንጨት በሆነ ካቻቢቴ ሁለቱን ጫፉን ሲያገናኘው ጧ ብሎ ሰማያዊ እሳት ወጣ። እኔ ዘልዬ በሩ ጋ ደረስሁ። «አየህ፣ ሞተሩ ቢተኛ እሱ አልተኛም» አለኝ። አዲስ የተጠገነ ሬዲዮ ደግሞ በቀጥታ አይሰካም። መሀል ላይ አንድ አምፑል ያስገባል። ሬዲዮው ደህና ከሆነ አምፑሉ ደብዘዝ ይላል፤ ውስጡ የተነካካ ነገር ካለ አምፑሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ሬዲዮውም ሳይቃጠል ይተርፋል። ያን አምፑል «ጠያቂው» ይለዋል።

ሁለት ነገር ግን አስምሎኛል። አንደኛው፣ «እኔን ቢይዘኝ እንዳትነካኝ። ብጮህም እንዳትነካኝ። ሶኬቱን ንቀል።» ሁለተኛው፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ምንም አይሄድም። የሚሰጥህ ሰው የያዘው ደህናውን ጫፍ ነው። ላንተ የሚተርፍህ የቀረው ነው። አስቀምጥ በለው፤ ከዚያ አይተህ አንሳ።»

ሱሪዬ ኪስ አልነበረውም። መንገዱን ተሻግሮ ሐጂ ይማም የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ አለ፤ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ መኪናቸው ላይ ደግሞ ይሰፋሉ። ያን ክረምት አያ ይልቃል የሚሠራው የሳቸውን ትልቅ ሬዲዮ ነበር። ይዞኝ ሄደና ኪስ እንዲያወጡልኝ ለመናቸው።

«ስንት ኪስ?»

«አንድ። በስተግራ።»

«የቀኙስ ምን በደለህ?»

«ቀኙ ይሠራበታል።»

ሐጂ ይማም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ይልቃል፣ አንተ አንሰህ ይኼንም ልጅ ግማሽ ኩሩ ልታደርገው ነው» አሉና ሰፉልኝ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት እጁን ኪሱ የከተተ ልጅ ያላደገ ልጅ ነው። ሲሰጡህ ብድግ ብለህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ በሁለት እጅህ ነው የምትቀበል። አያ ይልቃል ዕቃ ያመጣለትን ሰው ሁሉ «እዚያ ላይ ያስቀምጡልኝ» ይላል። ሰዉ ያስቀምጣል፤ ሲወጣ ግን «ቆማጣ ነው እንዴ ያደረገን?» ይላል። ይህ ወሬ አብዬ ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም፤ አብዬ ግን ዓይናቸው ያላየውን አይፈርዱም ነበር።

በሐምሌ ሥላሴ አመሻሽ ላይ ዓይናቸው አየ።

ከደብሩ ሲመለሱ የበዓሉን ዳቦ ለልጃቸው ራሳቸው ይዘውለት መጡ። ከኋላቸው የቅኔ ተማሪዎቻቸው ነበሩ። አያ ይልቃል የሐጂን ሬዲዮ ከእንጨት ሣጥኑ አውጥቶ፣ ኮረንቲ ላይ አድርጎ፣ ቀኝ እጁን ውስጡ ከትቷል። አብዬ በሩ ላይ ቆመው ዳቦውን ዘረጉ።

«እንካ።»

አያ ይልቃል ዓይኑን ከሬዲዮው አላነሣም። «አብዬ፣ እዚያ ላይ ያስቀምጡልኝ» አለ።

ተማሪዎቹ መሬት መሬት አዩ። ከመካከላቸው አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እጅህን ምን ነካው?» አሉ አብዬ።

«ደህና ነው አብዬ። ኮረንቲ ላይ ነኝ፤ አሁን እጨርሳለሁ።»

አብዬ ዳቦውን ወደ ራሳቸው መለሱ። ከዚያ ዳቦውን ይዘው ወጡና መንገድ ላይ ለተቀመጠ አንድ ለማኝ ሰጡት። ለማኙ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ መረቀ። አብዬ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞረው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ለልጄ ያመጣሁት ነበር። ልጅ የለኝም» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቤት እየዋሉ፣ አንድ ቤት እያደሩ ተዘጋጉ። መካከላቸው የቀረሁት እኔ ነኝ። እራት ላይ አንድ መሶብ ከበን ተቀምጠን አብዬ ወደ እኔ ዞረው «ለዚያ ሰውዬ ንገረው፤ ሽቦውን ከደጃፌ ያንሣ፤ ሰው ይጠልፋል» ይላሉ። አያ ይልቃል ጉልበቱ ጉልበቴን እየነካ «እሺ ብሏል በላቸው» ይላል።

«አብዬ፣ እሺ ብሏል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ከሰሙት እኔ ለምን እነግርዎታለሁ?» አልሁ አንድ ቀን። እትዬ ፈንታዬ ሳቋ አመለጣት። አብዬ ተቆጡና ያን ዕለት እኔና እሷ እራታችንን ሳንጨርስ ተነሣን።

አያ ይልቃል አንድ ጊዜ ብቻ ሊያስረዳ ሞከረ። «ሂድና በላቸው፤ እጄን ከኪሴ የማላወጣው ንቄዎት አይደለም፤ እንዳልሞት ነው በላቸው» ብሎ ላከኝ። አብዬ ግቢው ውስጥ ተማሪዎቻቸውን ያስተምሩ ነበር። ነገርኋቸው። «አባትና እናትህን አክብር፤ ዕድሜህ እንዲረዝም፤ ተብሎ ነው የተጻፈው። እንዳይሞት ከፈለገ መንገዱ እሱ ነው። ሂድ ንገረው» አሉኝ።

ሄጄ ነገርሁት። አያ ይልቃል መበየጃውን ከእሳቱ አንሥቶ ጫፉን አየ፤ መልሶ ከተተው። «እሺ» አለ። ከዚያ በኋላ አልላከኝም። እሱም የሳቸው ልጅ ነው፤ ግትር ነው።

ሐምሌ እንዲህ አለቀ። ዝናብ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የሥራው ክፍል ጣራ ሁለት ቦታ ያፈሳል፤ ጣሳ እየደቀንን እንሠራለን፤ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ጠዋት አብዬ ዘንድ ዳዊት አነባለሁ። ጠዋት ጠዋት መጽሐፉን ዘርግተው ይሰጡኛል፤ እኔም ብድግ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ እቀበላለሁ። አመሻሽ ላይ ደግሞ ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ ሳንቃው ላይ እቆማለሁ። እኔ ሁለቱንም አጣምሬ መያዝ አላቃተኝም። እነሱን ለምን እንዳቃታቸው ሊገባኝ አልቻለም።

ፍልሰታ ገባ። ያኔ ነገሩ ከበደ። አብዬ በየዓመቱ ፍልሰታን ጾመው ይቆርባሉ፤ ከሰው ጋር የተጣላ ደግሞ ሳይታረቅ አይቆርብም። ተማሪዎቹ ይንሾካሾካሉ። ጾሙ እያለቀ ሲሄድ አብዬ ድምፃቸው ቀነሰ፤ ከማሕሌት ሲመለሱ በሥራው ክፍል በር ፊት እርምጃቸው ዘገም ይላል። አንድ ቀን በሩ ጋ ቆሙ፤ አያ ይልቃል ከውስጥ እያፏጨ ነበር። ሰሙና ሄዱ።

ያስታረቋቸው ሐጂ ይማም ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል መጡና ከአብዬ ጎን መደቡ ላይ ተቀመጡ። እኔ ዳዊቴን ይዤ እዚያው ነበርሁ።

«መሪጌታ፣ ከልጅዎ እንደ ተኳረፉ ነው የሚጾሙት?»

«ልጅ የለኝም ብያለሁ።»

«ታዲያ ያ ጠዋት ጠዋት እያፏጨ እንቅልፍ የሚነሣኝ የማን ነው?»

አብዬ ወደ አጥሩ ዞሩ። ጺማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም።

«ሱቄ ሲመጣ» አሉ ሐጂ ይማም፣ «ውኃ ስሰጠው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ነው የሚቀበለኝ። እጁ ኪሱ የሚገባው ሥራ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። እርስዎ ማሕሌት ቆመው ሳለ እኔ ከደጅ ብጠራዎ ትተው ይመጣሉ?»

«አልመጣም።»

«ስለ ናቁኝ ነው?»

አብዬ መቋሚያቸውን በመዳፋቸው ሲያሹ ቆዩና «ሥራውን አይቼው አላውቅም» አሉ።

«እንግዲያ ይዩት። ነገ ማታ ይዤዎት እመጣለሁ።»

ለአያ ይልቃል ሮጬ የነገርሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አላመነኝም። ከዚያ ክፍሉን ይጠርግ ጀመር። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ጠረገ፣ ጣሳዎቹን አስተካከለ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። አብዬ የሚቀመጡበት ዱካ ላይ አጎዛ አነጠፈ። ጫማው ጭቃ ነበርና ደጅ አወለቀ። አመሻሽ ላይ ዝናቡ ተመለሰ። ሳንቃው ላይ ተቀምጠን ሞተሩን ስንጠብቅ እጁን አሳየኝ።

«ዛሬ እጄ ቢንቀጠቀጥ እንዳትስቅብኝ» አለኝ።

ሞተሩ ተነሣ። አምፑሉ ቀላ፣ ነጣ። እነሱም ደረሱ። የአብዬ ጋቢ ትከሻቸው ላይ ረጥቧል። አያ ይልቃል ምንም ሳይነካ ወረደና ጉልበታቸውን ሳመ። አብዬ ራሱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ሐጂ ይማም «በሉ እንግዲህ፣ ሬዲዮዬን አሳዩኝ» አሉና ነገሩን አቀለሉት።

አያ ይልቃል ሳንቃው ላይ ካለች በርጩማ ተቀመጠ። ግራ እጁን ኪሱ ከተተና አብዬን ቀና ብሎ አያቸው። አብዬ ኪሱን አዩ። «ሥራህን ሥራ» አሉት።

ጠያቂውን አምፑል አሳያቸው። «ይኼ አብዬ፣ ውስጡ ጥፋት ካለ እኔን ሳይሆን እሱን ነው የሚይዘው» አለ። አብዬ ጎንበስ ብለው ወደ ሬዲዮው ውስጥ ተመለከቱ። የጣራው አምፑል ከጀርባቸው ስለሆነ ጥላቸው ሁሉን ጋረደው። «አይታየኝም» አሉ።

አያ ይልቃል ራሱ የሠራት የእጅ መብራት ነበረች። እጀታዋ የወይራ እንጨት ነው፤ አምፑሏ እንዳይሰበር ዙሪያዋን በወፍራም ብረት ሽቦ ከልሏታል። ጠረጴዛው ላይ እየበራች ተቀምጣለች። አብዬ ሳይጠየቁ እጀታዋን ይዘው አነሡና ለልጃቸው ያበሩለት ጀመር። በቅዳሴ ላይ ጧፍ እንደሚይዙት፣ ቀጥ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን እጀታው ላይ ደራርበው።

ያን ያህል ጊዜ ያለ ጠብ ጎን ለጎን ሲሆኑ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አያ ይልቃል በቀኝ እጁ እየጠቆመ ይናገራል። አብዬ ይጠይቃሉ። «ይኼስ?» «እሱ ድምፁን የሚያጎላው ነው።» «ይኼስ ጣሳው?» «እሱን እንዳይነኩት፤ ያደረ አለው።» አብዬ «እህ» ይላሉ። ሬዲዮው ተንሾካሾከ፣ ጮኸ፣ ከዚያ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ሐጂ ይማም ጉልበታቸውን መቱ።

አብዬ እጃቸው ደከመ መሰለኝ፤ ወደ ዱካው ሊመለሱ ፈለጉ። መብራቷን ወደ አያ ይልቃል ዘረጉ።

«እንካ፣ ልጄ» አሉት።

ልጄ ሲሉት ሰማሁ። አያ ይልቃልም ሰማ። ግራ እጁ ከኪሱ ስትወጣ አየሁ። ብድግ አለ፤ ከሳንቃው ወረደ፤ ባዶ እግሩ እርጥቡ መሬት ላይ አረፈ። ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። ይህን አሥመራ አልተማረውም፤ ከዚያ በፊት፣ መናገር ሳይችል፣ እዚሁ ቤት ነው የተማረው። እንጨቱን የአብዬ እጆች ሸፍነውታል። ለሱ የቀረው የብረቱ ሽቦ ነው። ያዘው። አብዬ ለቀቁለት።

መብራቷን እንደ ያዘ ጎንበስ ብሎ ቀረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አብዬ ልጃቸው የሚያለቅስ መሰላቸው። ሐጂ ይማምም እንደዚያ መሰላቸው፤ «አልሐምዱ ሊላህ» አሉ ቀስ ብለው። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አንድ አፍታ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። እንዳትስቅብኝ ያለኝ ትዝ አለኝ።

«አታልቅስ፣ አታልቅስ ልጄ» እያሉ አብዬ ሊያቅፉት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተራመዱ።

ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው። ጥርሱን ነክሷል፤ ዓይኑ የትም አያይም። አብዬን በትከሻዬ ሆዳቸው ላይ ገፋኋቸው፤ ተንገዳግደው ዱካው ላይ ወደቁ። «አይንኩት!» አልሁ። የመብራቷን ሶኬት በቀኝ እጄ ነቀልሁት። መብራቷ ጠፋች። አያ ይልቃል መብራቷን እንደ ጨበጠ በጎኑ ወደቀ።

ሐጂ ይማም ደረቱን ገልጠው ጆሯቸውን አስጠጉ። ደረቱን አሹት፣ ጠሩት፣ እንደገና አሹት። እትዬ ፈንታዬ ከጓዳ ስትመጣ ውኃ ይዛ ነበር፤ ውኃው ከእጇ ወደቀ። ሬዲዮው ያወራል። ያን ድምፅ የሚያጠፋው ሰው አልነበረም፤ እኔ ነቀልሁት። ሰው ለጥሩነህ ነግሮት መጥቶ መብራቷን ፈታ። ሽቦዋ ወደ ውስጥ በምትገባበት በኩል የጎማ ልብሷ ተበልቶ ብረቱን ነክታለች። መቼ እንደ ተበላች ማንም አያውቅም። አያ ይልቃል ሁልጊዜ በእንጨቱ፣ በአንድ እጁ ነበር የሚያነሣት። ጥሩነህ ሄዶ ሞተሩን አጠፋው። ከተማው ጨለመ።

አብዬ ከዱካው አልተነሡም። በኩራዝ ብርሃን መዳፋቸውን ሲያዩ ቆዩ። «ከእኔ እጅ ነው የተቀበለው?» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ግቢው በሰው ሞልቷል። አስከሬኑን በቃሬዛ አውጥተው መደቡ ፊት አኖሩት። ሐጂ ይማም ከነቤተሰባቸው አጥሩ ጥግ ቆመዋል። አብዬ ካባቸውን ለብሰው ጧፍ እየለኮሱ ለሕዝቡ ያድላሉ፤ ያን ሥራ ለሌላ ሰው አልሰጥም ብለው ነበር። ሰዉ ተራ በተራ ይቀርባል፣ ጎንበስ ይላል፣ በሁለት እጁ ይቀበላል።

የእኔ ተራ ደረሰ። አብዬ የበራውን ጧፍ ዘረጉልኝ። ሰሙ ጣታቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«እንካ» አሉኝ።

ግራ እጄን ኪሴ ከተትሁ።

«አብዬ፣ እዚያ ላይ ያስቀምጡልኝ።»

ሰዉ ተንጫጫ። ከተማሪዎቹ አንዱ ጆሮዬን ሊይዝ እጁን ሰነዘረ። አብዬ በዓይናቸው መለሱት። ከዚያ ወደ መደቡ ጎንበስ አሉ፤ ጧፉን ዘንበል አድርገው ድንጋዩ ላይ ሰም አንጠባጠቡ፤ ሰሙ ሳይደርቅ ጧፉን ተከሉበት። እስኪቆም ጠበቁና እጃቸውን አነሡ። አንድ እርምጃም ወደ ኋላ አሉ።

አየሁት። በቀኝ እጄ አነሣሁትና ከቃሬዛው ፊት ፊት ሄድሁ።